አመለጠኝ

ስለናት፣ አንኳኪ። በሩ ክፍት ቢሆንም አንኳኪ።
አራት አልጋ የያዘ ክፍል ቢሆንም የሰው ቤት ነው፤
እጅሽ ከመቅደሙ በፊት ድምፅሽ ይድረሰው።
መጋረጃውን ሳቢ። ፊትሽን አታኮሳትሪ፤
ዓይናቸው ቢደክምም ያቺን ያያሉ፤
አይተው፣ ምንም ሳይሉ፣ ግድግዳ እያዩ ያድራሉ።

“ዳይፐር” አትበይ በፊታቸው፤ “ልብስ እንቀይር” በይ።
“ሕፃን ሆነዋል” የምትል ምላስ እዚህ ቤት አታድርም።
ውሃው ለብ ይበል፤ በክንድሽ ለኪው፣
መዳፋችን ሥራ ለምዶ እሳት አይለይም።
ሴት ከሆኑ ከፊት ወደ ኋላ እጠቢ፤
በዚያው ጨርቅ ተመልሰሽ አትምጪ።
ጭን ከጭን የሚገናኝበትን፣ የሆዱን ሥር፣
ፎጣ እያሳረፍሽ አድርቂ፤ አትፈግፍጊ፤
ቆዳቸው የሽንኩርት ልጣጭ ነው፣ ለመቀደድ ሰበብ አያጣም።
ወገብና ተረከዝ ላይ ቀይ ካየሽ
ጣትሽን ተጫኚበትና አንሺ፤
ካልነጣ ጥሪኝ። ተኝቼም ቢሆን ጥሪኝ።

ሳሙናው? እንዳትስቂ፤
ሰፈራችን ሳሙና በር ይባላል፣
ሳሙና የገባበት ቀን ግን በጣት ይቆጠራል።
ውሃውንማ ተዪው፤
ቧንቧችን በአሥራ አምስት ቀን አንዴ፣ በሌሊት ያስላል፤
ሲያሻው አክታውን ብቻ ተፍቶ ይሄዳል።

አሁን ወደ መስኮቱ አልጋ ነይ። ቀስ በይ።
አያ ደርሶ ናቸው።
ክንድ የሚያህል ቁልፍ ትከሻቸው ላይ፣
ሠላሳ ስድስት ዓመት የከተማውን ውሃ የከፈቱ፣ የዘጉ፤
ለአራዳ ሰጥተው ለቀሃ የነፈጉ፣
ለቀሃ ሲሰጡ በአራዳ የተረገሙ።

የመጡ ሰሞን እርጥብ አንሶላ
ተጠቅልሎ ፍራሹ ሥር አገኘሁ። ዝም አልኩ።
በማግሥቱም ደበቁ። ዝም አልኩ።
በሦስተኛው ሌሊት ጀርባቸውን ሰጥተውኝ
“አመለጠኝ” አሉ፤
ቧንቧ ፈንድቶበት ለአለቃው እንደሚያመለክት ሠራተኛ፣ በአጭሩ።

ከዚያ መጠጣት ተዉ።
ሻዩን መስኮት ላይ ላለው ጤናዳም ያጠጡታል፤
እኔ ሞኟ፣ ጤናዳሙ ፋፋ ብዬ ደስ ይለኛል!
ከንፈራቸው ሲሰነጠቅ፣ ሽንታቸው እንደ ጠላ ሲጠቁር፣
የሞቱትን ባለቤታቸውን በሌሊት “በር ክፈቺ” ሲሉ፣
ያኔ ገባኝ።
“ከላይ ካልገባ ከታች አይወጣም” አሉኝ፣
“ሥራዬ እኮ ነው፣ ልጄ።”
ለመንኩ። ተቆጣሁ። ነርሷ መጥታ ስለ ኩላሊት አስረዳች።
አዳመጧት፤ አመሰገኗት፤ አፋቸውን ገጠሙ።

አንድ ሌሊት፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣
የጓሮው ቧንቧ ጉሮሮውን ጠረገ።
እኔ አልሰማሁም። ዘበኛውም አልሰማ።
እሳቸው ሰሙ።
“ተነሱ! መስመሩ ተከፍቷል!
አየሩ ይውጣ መጀመሪያ! አትጠጉት፣ ዝገቱን ይትፋ!
ገና ነው... ገና... አሁን! አሁን ቅዱ!”
የመስኮቱን ብረት ጨብጠው ቆመው ያዛሉ፤
እኛ በነጠላ ጫማ ጭቃው ላይ እንንሸራተታለን።
በርሜሉ ሞላ፣ ጀሪካኑ ሞላ፣
የወጥ ድስቱ ሳይቀር ሞላ።
ሲነጋ ሃያ ሁለት አንሶላ ገመድ ላይ ነበር።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ሱሪያቸው ርሷል፤
ቆመው ሲያዙ ነው።
አላቀረቀሩም። “እኔም ከፈትኩ” አሉ።
ሳቅ አፈነኝ፤ እሳቸው ሲስቁ ለቀቅኩት።
አጠብኳቸው፣ ለብ ባለው፣ በራሳቸው ውሃ።
በእግራቸው ጣቶች መሐል ፎጣ ሳሳልፍ
“ያ የመጣው ደህና ነው? እስቲ ቅመሺው” አሉኝ።
ቀመስኩት። አንድ ብርጭቆ ሰጠኋቸው።
ጨልጠው ጠጡ። ጤናዳሙን ዘወር ብለው አላዩትም።

አሁን በየሁለት ሰዓቱ፣ ሳይመጣ በፊት፣
“አያ ደርሶ፣ መስመሩን እንክፈት?” እላቸዋለሁ።
አንዳንዴ “ገና”፣ አንዳንዴ “ፍጠኚ!”
አንዳንዴም ያመልጣል። ያምልጥ፤
አንሶላ አለ፤ እኔ አለሁ፤ አንቺም መጣሽ።

ሰዓቱ ደርሷል፣ ስለናት። ጓንትሽን አድርጊ።
በይ፣ አንኳኪ።